ስለ አሮጌ አውቶሞቢል ጎሚኒ ምርጫና ስለ መለዋወጫ ነጋዴ ኀላፊነት

በመርካቶ ሶማሌ ተራ ከሚገኙት የመለዋወጫ መደብሮች ወደ አንዱ ገብቶ «የቮልስ የኋላ ጎሚኒ አለ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ባለአውቶሞቢል ሦስት ዐይነት ዕቃ ሊቀርብለት ይችላል። አንደኛው ከውጭ አገር በከረጢት ታሽጎ የመጣ ጥቁር ላስቲክ ነው። ሁለተኛው ቀይ ወይም ቢጫ ቀለም ያለው፣ በጣት ሲጫኑት እምቢ የሚል፣ ፖሊዩሬቴን የሚባለው ነው። ሦስተኛው ደግሞ በዚሁ በአዲስ አበባ ከአሮጌ የከባድ መኪና ጎማ የተቆረጠ፣ አለዚያም ከናይለን በቶርኖ የተቀረጸ ነው። ዋጋቸው ይለያያል፤ ዕድሜያቸው ይለያያል፤ ለአውቶሞቢሉም የሚሰጡት አገልግሎት አንድ አይደለም። ይሁን እንጂ በሻጭና በገዢ መካከል የሚደረገው ንግግር ከጥቂት ቃል አያልፍም።

«ጋሼ፣ ቀዩን ይውሰዱ፤ ይኼ ዕድሜ ልክ አያልቅም» ይላል ሻጩ።

«መካኒኩ ግን ጥቁሩን ግዛ ብሎኛል።»

«ጥቁሩማ ዓመትም አይቆይልዎ።»

ገዢው ስለ ዕቃው የሚያውቀው ነገር ስለሌለ በዋጋው ብቻ ተከራክሮ ከተሰጠው አንዱን ይዞ ይሄዳል። ሻጩም ቢሆን አውቆ ሊያታልል ፈልጎ አይደለም፤ ካከፋፋዩ የሰማውን መልሶ መናገሩ ነው። ጕዳቱ የሚታወቀው ከወራት በኋላ፣ የኋላ ጎማዎቹ በአንድ ወገን ተበልተው፣ አውቶሞቢሉም በኮብልስቶን መንገድ ላይ ሲሄድ እንደ ባዶ በርሜል መጮኽ ሲጀምር ነው።

እንዲህ ያለው ጕዳይ በንግድ ሰዎች ዘንድ እንደ ትንሽ ነገር መታየት የለበትም። ቮልስዋገን በንጉሠ ነገሥቱ ዘመንና ከዚያም በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ የመምህሩም፣ የሐኪሙም፣ የመንግሥት ሠራተኛውም አውቶሞቢል ሆኖ የኖረ ነው። ይህ ዐይነት አውቶሞቢል በጀርመን አገር በቮልፍስቡርግ መሠራቱ እ.ኤ.አ. በ1974፣ በኤምደን ደግሞ በ1978 ቆመ፤ የመጨረሻውም እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 2003 በሜክሲኮ አገር በፑኤብላ ፋብሪካ ተሠርቶ እስኪወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን የሚበልጥ ተሠርቷል። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ግን ዛሬም በየቀኑ ባለቤቱን ወደ ሥራ የሚያደርስ፣ ልጆችን ከትምህርት ቤት የሚመልስ አውቶሞቢል ነው። በሌላው ዓለም በእሑድ ቀን ለትዕይንት የሚወጣው ቮልስዋገን እዚህ ሰኞ ጧት ሥራ ይገባል። የመለዋወጫው ምርጫም ከዚህ ልዩነት ተነሥቶ ሊታሰብ የሚገባው ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ በእጅ ያለው አሮጌ አውቶሞቢል ምትክ ሊገኝለት የሚያስቸግር ንብረት ሆኗል። የኤሌክትሪኩን አውቶሞቢል ለመግዛት ዐቅም የሌለው ሰው ያለችውን ቮልስ ወይም ያለችውን ኮሮላ ዲኤክስ እያደሰ ከመኖር በቀር ሌላ መንገድ የለውም። ከዚህም በላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ በብር ሲታሰብ እጅግ ከፍ ብሏል። አንድ ጊዜ ተሳስቶ የተገዛ ጎሚኒ ሁለተኛ ይገዛል፤ ለሁለተኛውም ሌላ የውጭ ምንዛሪ ይወጣል፤ የመካኒኩም የእጅ ዋጋ እንደገና ይከፈላል። በዚህ ሥራ ደግሞ ከጎሚኒው ዋጋ ይልቅ የመፍታትና የመግጠሙ ድካም ይበልጣል።

ጎሚኒ የሚባለው ስም ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን በጋራዥ ውስጥ ላስቲክ ለሆነ ማቀፊያ ሁሉ ይነገራል፤ ከብረት ወይም ከነሐስ የተሠራው ቦኮላ ይባላል። ይህን ልዩነት መጠበቅ መልካም ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ስሕተት የሚመጣው ጎሚኒን እንደ ቦኮላ ከመቍጠር ነው። ቦኮላ ዘንግ በውስጡ እንዲሽከረከር የተሠራ ነው፤ ግራሶ ይፈልጋል፤ ሲያልቅም ይሰፋል። የጎሚኒ ሥራ ግን ሌላ ነው። ላስቲኩ በውስጡ ባለው ብረትና በውጭ ባለው ብረት መካከል ተይዞ፣ ብረቱ ሲዞር አብሮ ይጠመዘዛል፤ ሲለቀቅም ይመለሳል። አይንሸራተትም፤ ስለዚህም አይፋቅም። ከመንገድ የሚመጣውንም ንዝረት በሰውነቱ ውጦ ወደ ሻንሲው እንዳይተላለፍ ያደርጋል። በአራት አቅጣጫ ትንሽ ትንሽ መለመጡ እንደ ጕድለት የሚታይ አይደለም፤ የተሠራበት ምክንያት ነው።

በቮልስዋገን የኋላ በኩል ሞላም ባሌስትራም የለም። በመሐል በተዘረጋው ቱቦ ውስጥ በግራና በቀኝ ቶርሽን ባር የሚባሉ ተጠምዛዥ ዘንጎች አሉ፤ ከእያንዳንዱ ዘንግ ጫፍ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ብረት ወደ ኋላ ተዘርግቶ የጎማውን ሰሚያስ ይይዛል። ይህ ጠፍጣፋ ብረት የሚዞርበት ቦታ በውስጥና በውጭ በኩል በሁለት የላስቲክ ቀለበቶች ታቅፎ፣ በአራት ብሎን በሚታሰር ክዳን ይጠበቃል። የአውቶሞቢሉ የኋላ ክብደት በእነዚህ ቀለበቶች ላይ ያርፋል። ላስቲኩ ሲደርቅና ሲበላ ጠፍጣፋው ብረት ከመካከል ዝቅ ይላል፤ ጎማው አቅጣጫውን ይስታል፤ አንዳንድ ጊዜም ብረት ከብረት ጋር ይፋተጋል።

እዚህ ላይ ሊዘነጋ የማይገባው ነገር አለ። በአሮጌዎቹ ቮልስዋገኖች ሰሚያሱ መጋጠሚያ ያለው በካምቢዮው በኩል ብቻ ስለሆነ ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ሲል በቀጥታ አይሄድም፤ የቀስት መንገድ እየሠራ ይሄዳል። ጎማው ሲወርድ እግሩ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፤ ሲወጣ ይከፈታል። ስለዚህ ጠፍጣፋው ብረት በዘንጉ ዙሪያ ከመዞሩ ሌላ በጎኑም ሊጠማዘዝ ግድ ነው፤ የላስቲክ ቀለበቱም ይህን መጠማዘዝ ይታገሣል። ጠንካራ ቀለበት በገባበት ጊዜ ግን መጠማዘዙ አይቀርም፤ ሸክሙ በብረቱ፣ በክዳኑና በአራቱ ብሎን ላይ ይወድቃል። በደረጃ በተነጠፈ የስፖርት መንገድ ላይ ይህ ብዙ አይጐዳ ይሆናል። ጉድጓድና ኮብልስቶን በሚፈራረቁበት መንገድ ላይ ግን በቀን ብዙ ሺህ ጊዜ የሚደጋገም ነገር ነው።

ፖሊዩሬቴን እ.ኤ.አ. በ1937 በጀርመን አገር በሌቨርኩዘን በኦቶ ባየርና በባልደረቦቹ የተፈጠረ ነገር ሲሆን ዕውቀት ያለበትና የተከበረ ዕቃ ነው፤ ነቀፋው በዕቃው ላይ አይደለም። ከዘይትና ከግራሶ ጋር ሲነካካ እንደ ተፈጥሮ ላስቲክ አያብጥም፤ መፋቅን ይችላል፤ ቅርጹንም ሳይለቅ ብዙ ይቆያል። ነገር ግን ከብረቱ ጋር በእሳት የተጣበቀ አይደለም፤ ስለዚህ አብሮ እንደ መጠምዘዝ በብረቱ ላይ ይንሸራተታል። መንሸራተት ካለ ግራሶ ያስፈልጋል፤ ግራሶውም በሲሊኮን የተሠራው ልዩ ዐይነት መሆን ይገባዋል። አቧራ በገባ ጊዜ ግራሶው እንደ ሞረድ ይሆናል፤ ጩኸቱም ይጀምራል። የበጋ አቧራና የክረምት ጭቃ በሚፈራረቁበት አገር ይህን ጩኸት በየጊዜው እየፈቱ በመቀባት ካልሆነ በቀር ማስቆም አይቻልም። በቮልስ የኋላ በኩል ደግሞ «እየፈቱ መቀባት» ሲባል ቀላል ነገር አይደለም፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ይነገራል።

ስለ ጥንካሬውም ቢሆን «ቀይ» የሚለው ቃል ምንም አያስረዳም። የላስቲክ ጥንካሬ ሾር ኤ በሚባል መለኪያ ይለካል። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ላስቲክ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 70 ባለው ውስጥ ይገኛል፤ ለአውቶሞቢል የሚሠራው ፖሊዩሬቴን ደግሞ ከ70 ጀምሮ እስከ 95 ድረስ አለ። በ70 እና በ95 መካከል ያለው ልዩነት የአልጋ ፍራሽና የወለል ጣውላ ያህል ነው ማለት ይቻላል። ቀለሙ ግን ፋብሪካው የወደደው ነው፤ የአንዱ ፋብሪካ ቀይ የሌላው ቢጫ ሊሆን ይችላል። ከዚህም በቀር ከፖሊዩሬቴን ዐይነቶች ኤስተር የሚባለው እርጥበት ሲበዛበት ቀስ በቀስ እየፈረሰ ይሄዳል፤ ኤተር የሚባለው እርጥበትን ይቋቋማል። ይህን በከረጢቱ ላይ ጽፎ የሚሸጥ ፋብሪካ ጥቂት ነው፤ የሚጠይቅ ነጋዴም ከዚያ ያነሰ ነው። «ዕድሜ ልክ አያልቅም» የሚለው ቃል የማን ዕድሜ እንደሆነ ሳይገለጽ ሲነገር ይኖራል።

ፖሊዩሬቴን የሚገባበት ቦታ የለም ማለት ግን አይደለም። የፊት መረጋጊያ ዘንግ በሻንሲው ላይ በሚታሰርበት ማቀፊያ ውስጥ እንቅስቃሴው ትንሽና በአንድ አቅጣጫ ስለሆነ በመጠኑ ጠንካራ የሆነው ያገለግላል፤ ሲጮኽም በሁለት ብሎን ተፈትቶ ይቀባል። በአሞርቲዛቶር ጫፍም ቢሆን ካላስጨነቁት ይሠራል። ባለቤቱ አውቶሞቢሉን ለውድድር የሚያዘጋጅ ከሆነም ምቾቱን ሰውቶ የሚያገኘው ጥቅም አለ። ለዕለት ሥራ በሚውለው ቮልስ የኋላ ጠፍጣፋ ብረት ላይ ግን ጥሩው ላስቲክ ይመረጣል።

«ጥሩው» የተባለው ቃል ያለ ምክንያት አልገባም። የፖሊዩሬቴን ሻጮች የሚያነሡት ክስ ውሸት አይደለምና። ዛሬ በገበያ ካለው ጥቁር ላስቲክ ብዙው እጅግ የወረደ ነው። የድሮው ፋብሪካ ከሰጠው ላስቲክ ጋር በመልክ አንድ ሆኖ ውስጡ ግን በርካሽ መሙያ የበዛ፣ ዓመት ሳይሞላው የሚሰነጠቅ አለ። ደንበኛው ሁለት ጊዜ በጥቁሩ ከተጐዳ በኋላ ወደ ቀዩ ቢሸሽ ማን ሊፈርድበት ይችላል? ስለዚህ ክርክሩ በላስቲክና በፖሊዩሬቴን መካከል ብቻ ያለ አይደለም፤ ሠሪው በታወቀና ሠሪው ባልታወቀ ዕቃ መካከል ያለ ነው። ሠሪው የታወቀ መካከለኛ ዕቃ ሠሪው ካልታወቀ «አንደኛ ደረጃ» ይሻላል።

ከአሮጌ ጎማ ስለሚቆረጠው ደግሞ ያለ ንቀት መናገር ያስፈልጋል። በምን አለሽ ተራ የሚሠራው የእጅ ሥራ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው፤ ከጎማ የተሠራው በረባሶም ስንቱን ገበሬ በእሾህ ላይ አራምዷል። ነገር ግን ያ ጎማ የተቀመመው መንገድን ሲፋተግ እንዳያልቅ ነው፤ ተጠምዝዞ እንዲመለስ የተቀመመ አይደለም። በውስጡም የጨርቅ ወይም የሽቦ ሥር ስላለ በአንድ በኩል ይለመጣል፤ በሌላው በኩል አይለመጥም። ቀለበቱ በእኩል ካልተለመጠ ዘንጉ ከመካከል ይወጣል። ከናይለን በቶርኖ የተቀረጸው ደግሞ ጭራሽ የማይለመጥ ነው፤ ይህን የሚያስገባ ሰው ጎሚኒውን ወደ ቦኮላ መለወጡን ማወቅ አለበት። መንገድ ላይ ለተቸገረ ሰው፣ ከክፍለ ሀገር እስከ አዲስ አበባ ለመድረስ ያህል፣ ሁለቱም ይጠቅማሉ። ለዘለቄታ ግን አይሆኑም። የቶርኖ ባለሙያዎች እጅ የሚታፈርበት አይደለም፤ ችግሩ ቅመሙ ነው። ከፋብሪካ ተለክቶ የመጣ፣ ጥንካሬው የታወቀ ላስቲክ ቢቀርብላቸው በሻጋታ አብስለው ጥሩ ዕቃ ለማውጣት የሚሳናቸው አይመስልም። ካፒታል ያለው ነጋዴ በዚህ በኩል ቢያስብ ገበያ አያጣም፤ ቮልስ ብቻ ሳይሆን ኮሮላውም፣ ፔዦውም፣ ላንድሮቨሩም ጎሚኒ ይበላልና።

ገዢው በመደብሩ ውስጥ ቆሞ ሊያደርገው የሚችለው ምርመራ አለ። አስቀድሞ የአውቶሞቢሉን የሻንሲ ቍጥር ይዞ ይሂድ፤ ቍጥሩም በኋላ መቀመጫ ሥር በመሐከለኛው የሻንሲ ጀርባ ላይ ተመትቶ ይገኛል። ይህ የሆነበት ምክንያት ቮልስዋገን ሁሉ አንድ ስላልሆነ ነው። የኋላው ቀለበት እንደ ዘመኑ መጠኑና ቅርጹ ይለያያል፤ እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው 1302 እና በ1972 የወጣው 1303 ደግሞ ከፊትም ከኋላም አሠራራቸው የተለየ ነው። «የቮልስ» ተብሎ ብቻ የሚሸጥ ጎሚኒ የየትኛው ቮልስ እንደሆነ ሳይታወቅ ገንዘብ መክፈል አይገባም። ቀጥሎም የወለቀው አሮጌ ጎሚኒ ቢበላም ይዞ መሄድ ይጠቅማል፤ የውስጡና የውጭው ስፋት በካሊብሮ ተለክቶ ከአዲሱ ጋር ይነጻጸራል።

ላስቲኩን በጥፍር ጫን አድርጎ ሲለቁት ምልክቱ ቶሎ መጥፋት አለበት። ጐንበስ አድርገው ሲያጥፉት በጀርባው ላይ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ስንጥቅ ከታየ ያ ዕቃ በመደርደሪያ ላይ ያረጀ ነው፤ ምንም እንኳ ተገዝቶ ባይገጠም አዲስ ሊባል አይችልም። «ኦርጂናል ነው፤ ከፋብሪካው ከድሮ የተረፈ ነው» የሚለውንም ቃል በጥንቃቄ መስማት ነው። አርባ ዓመት በመጋዘን የተቀመጠ የብረት ዕቃ ዛሬም አዲስ ሊሆን ይችላል፤ አርባ ዓመት የተቀመጠ ላስቲክ ግን እንደዚያው ያረጀ ላስቲክ ነው። ለትዕይንት አውቶሞቢል ውድ ዋጋ የሚከፍሉ ሰዎች በዚህ ነገር ሲሳሳቱ ይታያሉ።

ስለ አቀማመጡ ከተነሣ ዘንድ ለነጋዴው ራሱ የሚነገር ነገር አለ። በብዙ መደብሮች ጎሚኒ በሽቦ ተሰክቶ ደንበኛ እንዲያየው ከበር ላይ ይሰቀላል፤ የቀኑም ፀሐይ ሙሉውን ያርፍበታል። ላስቲክን ፀሐይ፣ ሙቀትና ኦዞን የሚባለው አየር ይበሉታል። ስለ ላስቲክ ዕቃ አቀማመጥ የተጻፈው አይ.ኤስ.ኦ. 2230 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ እንደሚያዝዘው ላስቲክ በጨለማ፣ ሳይወጠርና ሳይታጠፍ፣ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ ሊቀመጥ ይገባዋል፤ ኦዞን ከሚያወጡ የኤሌክትሪክ ሞተሮች አጠገብም መራቅ አለበት። የአዲስ አበባ አየር ለዚህ የተመቸ ነው፤ ለመጠበቅ የሚያስፈልገው ካርቶንና ጨለማ መደርደሪያ ብቻ ነው። ከበር ላይ የሚሰቀለው አንድ ናሙና ይበቃል፤ እርሱም አይሸጥ።

አሁን ወደ መግጠሙ ሥራ እንመለስ ቢባል፣ ምርጫው የቱንም ያህል ቢያምር መካኒኩ ሊያበላሸው ይችላል። ቶርሽን ባሩ ከነውጥረቱ ስለሚቀመጥ ጠፍጣፋው ብረት ከማቆሚያው ሲላቀቅ በኀይል ወደ ታች ይወረወራል፤ በክሪክ ተይዞ ቀስ ተብሎ ካልወረደ እጅ ወይም እግር ይሰብራል። ከመፈታቱም በፊት የሰሚያሱ ማቀፊያ በጠፍጣፋው ብረት ላይ የነበረበት ቦታ በመሮ ይመልከት፤ የብሎኑ ቀዳዳ ረዘም ያለ ስለሆነ ያለ ምልክት ቢታሰር የጎማው አቅጣጫ ይጠፋል። ዘንጉ ራሱ በውስጥ ጫፉ 40፣ በውጭ ጫፉ 44 ጥርሶች አሉት፤ በአንዱ ጫፍ አንድ ጥርስ ወደፊት፣ በሌላው አንድ ጥርስ ወደ ኋላ ቢያዞሩት ልዩነቱ 50 ደቂቃ ብቻ ይሆናል፤ ይኸውም ከአንድ ዲግሪ ያነሰ ነው። የጀርመን መሐንዲሶች ይህን ያህል ተጠንቅቀው የሠሩትን፣ ምልክት ሳያደርግ የሚፈታ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ያፈርሰዋል። ከቀለበቶቹም በአንዳንዶቹ ላይ በጀርመንኛ «ኦበን» የሚል ጽሑፍ ይገኛል፤ ትርጓሜው «ላይ» ማለት ነው። ቃሉን የማያውቅ መካኒክ የፋብሪካ ስም መስሎት ገልብጦ ይገጥመዋል።

በቀለበቱ ላይ ግራሶ መቀባትም የተለመደ ስሕተት ነው። በአሮጌው ቮልስ በፊት በኩል ያሉት ክንዶች በቦኮላና በኩሽኔታ ስለሚዞሩ ግራሶ ይፈልጋሉ፤ የኋላው ላስቲክ ግን የማዕድን ግራሶ ሲነካው ያብጣል፤ ይለሰልሳል። ለመግባት እንዲመቸው የሚነሰነስበት ታልክ የሚባለው ዱቄት ነው። በኮሮላ፣ በፔዦና በ1303 ላይ እንደሚገኘው ከብረት ጋር የተጣበቀ ጎሚኒ ሲሆን ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይጨመራል። ዳዶው ለመጨረሻ ጊዜ መጥበቅ ያለበት አውቶሞቢሉ በጎማዎቹ ላይ ቆሞ ክብደቱን ከጣለ በኋላ ነው። በክሪክ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ፣ አውቶሞቢሉ ሲወርድ ላስቲኩ ገና መንገድ ሳይጀምር ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ብዙም ሳይቆይ ይቀደዳል። «ጥቁሩ ዓመትም አይቆይም» ከሚባለው ከፊሉ በዚህ ምክንያት የሚመጣ ለመሆኑ ጥርጥር የለም። ላስቲኩ ሳይበድል ተወቅሷል።

ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ ዋናው ሸክም የሚወድቀው በአስመጪውና በቸርቻሪው ላይ ነው። ባለአውቶሞቢሉ ኬሚስት እንዲሆን አይጠበቅበትም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዐይነት በቂና ትክክለኛ መግለጫ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ለፍሪጅና ለቴሌቪዥን ይህ መብት ሲነገር ይሰማል። በከረጢት ውስጥ ላለ ጥቁር ቀለበት ግን ማንም አንሥቶት አያውቅም ማለት ይቻላል፤ ፍሪጅ ቢበላሽ ወተት ይጎመዝዛል፣ የኋላ ጎማ አቅጣጫውን በቍልቍለት ላይ ቢስት ግን የሚሆነው የታወቀ ነው። ከእንጦጦ የሚወርደውን መንገድ በዝናብ ጊዜ የነዳ ሰው ሌላ ማስረጃ አይፈልግም።

አንዳንድ ነጋዴዎች «ደንበኛው ዋጋ እንጂ ሌላ አይጠይቅም» በማለት ይከራከራሉ። በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን ደንበኛው ሌላ ነገር የማይጠይቀው ሌላ የሚጠየቅ ነገር መኖሩ ስላልተነገረው ነው። ሁለት ጥቁር ቀለበቶች ያለ ስምና ያለ ምልክት ጎን ለጎን ከቀረቡለት በርካሹ ይሄዳል፤ ሌላ ምን ሊያደርግ ይችላል? በዚህም ምክንያት ጥሩውን ላስቲክ ከብራዚል ወይም ከጀርመን በውድ ያስመጣው ነጋዴ ዕቃው በእጁ ላይ ይቀራል፤ በሚቀጥለው ጊዜ እርሱም ርካሹን ያስመጣል። ደጉ ዕቃ ከገበያ የሚወጣው ማንም ሳያባርረው በዝምታ ነው። እንዲህ ሆኖ ከቆየ ጥሩ ጎሚኒ የሚፈልግ ሰው ከውጭ አገር በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ከማስመጣት በቀር ምርጫ አይኖረውም፤ ይህም ዛሬ በብዙዎች ዘንድ የተጀመረ ነገር ነው። በዘመድ ሻንጣ የሚገባው ዕቃ ለነጋዴው ትርፍ፣ ለመንግሥትም ቀረጥ አያመጣም።

መድኀኒቱ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። አስመጪው ለፋብሪካው ትእዛዝ ሲጽፍ የዕቃውን ቍጥር ብቻ ሳይሆን የላስቲኩን ዐይነት፣ የጥንካሬውን መጠን በሾር ኤ፣ የተሠራበትንም ወርና ዓመት በእያንዳንዱ ከረጢት ላይ እንዲታተም ይጠይቅ። ቸርቻሪው በደረሰኙ ላይ «ጎሚኒ 2» ብሎ ከመጻፍ ይልቅ «ላስቲክ፣ የኋላ፣ ግራና ቀኝ፣ ለእንዲህ ያለ ዓመት ሞዴል» ብሎ ቢጽፍ ቀለሙ ያው ነው። የተሳሳተው ዕቃ ሳይገጠም ሲመለስ የሚቀበል መደብርም ደንበኛ ያተርፋል እንጂ አይከስርም። ለዓመታዊው የቦሎ ምርመራ አውቶሞቢሎቻቸውን የሚያዘጋጁ ጋራዦች ደግሞ ዕቃ የሚገዙበትን መደብር ለይተው ስለሚያውቁ፣ እንዲህ ያለ ደረሰኝ የሚሰጠውን መደብር ለደንበኞቻቸው ለመንገር ጊዜ አይፈጅባቸውም።

በንግድ ምክር ቤቱ ውስጥ የመለዋወጫ ነጋዴዎች በሚሰበሰቡበት ጊዜ ሁለት ነገሮች በአጀንዳ ሊያዙ ይችላሉ። አንደኛው፣ አነስተኛ አስመጪዎች በየግላቸው አምስትና ዐሥር ከረጢት ከማስመጣት ይልቅ ተባብረው አንድ ትልቅ ትእዛዝ ለአንድ የታወቀ ፋብሪካ እንዲሰጡ ነው፤ በብዛት የሚገዛ ሰው ስለ ጥንካሬውና ስለ ቀኑ ሊያዝዝ ይችላል፤ በጥቂቱ የሚገዛ የተሰጠውን ይቀበላል። ሁለተኛው፣ የጥንካሬ መለኪያውን መሣሪያ በጋራ መግዛት ነው። ይህ መሣሪያ በመዳፍ የሚያዝ፣ መርፌውን በላስቲኩ ላይ ጫን ሲያደርጉት ቍጥሩን ወዲያው የሚያሳይ ትንሽ ዕቃ ነው። በሶማሌ ተራ አንዱ መደብር በባንኮኒው ላይ ቢያስቀምጠው፣ «ጋሼ፣ ቀዩን ይውሰዱ» የሚለው ሻጭና ጥቁሩን የሚፈልገው ገዢ በመርፌው ላይ አብረው ያያሉ።